ከኮምቦልቻ የመጣው አረንጓዴ ውሃ፦ ክሮሚየምን በቀለሙ መለካት የፈጠረው ስህተት

ጉዳዩ የተነሣው ከቀላል ጥያቄ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ቆዳ በክሮም የሚያለፋ አንድ ፋብሪካ፣ ሥራው ሲያልቅ ከድራሙ በሚወጣው ውሃ ውስጥ ምን ያህል ክሮሚየም ሳይያዝ እንደሚቀር ማወቅ ፈለገ። ናሙናው ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ዳገት ወጥቶ ደሴ ወደሚገኝ አንድ የማስተማሪያ ቤተ ሙከራ ደረሰና የአንዲት ተመራቂ ተማሪ የጥናት ሥራ ሆነ። ፈሳሽ የሚመጥጠውን ብርሃን የሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር አለ፤ መጠኑ የታወቀ መለኪያ መፍትሔ የሚሠራበት የክሮሚየም ጨው፣ ክሮም አሉም፣ አለ፤ የሚጎድል ነገር ያለ አይመስልም ነበር። ውጤቱ ግን ለአንድ ጠርሙስ ሁለት መልስ ሆኖ መጣ። በ575 ናኖ ሜትር ሲነበብ በሊትር 2.41 ግራም ክሮሚየም፣ በ408 ናኖ ሜትር ሲነበብ 2.83 ግራም። በኋላ በሌላ መንገድ ሲረጋገጥ እውነተኛው መጠን 1.80 ግራም ነበር።

ቁጥሩ ለፋብሪካው ምን ትርጉም እንዳለው አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ ዙር ድራም የገባው ፒክል የተደረገ፣ ማለትም በጨውና በአሲድ የተዘጋጀ፣ 1,000 ኪሎ ቆዳ ነው። የተጨመረው የክሮም ዱቄት የቆዳው ክብደት 8 በመቶ፣ ማለትም 80 ኪሎ ነበር። ዱቄቱ በሙያው የታወቀው ቤዚክ ክሮሚየም ሰልፌት ሲሆን፣ 25 በመቶው ክሮሚየም ኦክሳይድ፣ ቤዚሲቲው (ከክሮሚየሙ የመያያዝ አቅም ሃይድሮክሳይድ የያዘው ድርሻ) 33 በመቶ ነው። ክሮሚየም ኦክሳይድ ውስጥ 68.4 በመቶው ክሮሚየም ስለሆነ ድራሙ የገባው ክሮሚየም ለብቻው ሲሰላ 13.7 ኪሎ ይሆናል። መጨረሻ ላይ የወጣው ውሃ 1,200 ሊትር ተለካ። በሊትር 1.80 ግራም ከሆነ ውሃው ይዞ የወጣው 2.16 ኪሎ ነው፤ ቆዳው 84 በመቶውን ወስዷል። 2.83 ግራም ከሆነ ግን 3.40 ኪሎ ወጥቷል፤ ቆዳው የወሰደው ወደ 75 በመቶ ይወርዳል።

75 በመቶ የሚል ሪፖርት የደረሰው የምርት ክፍል መጀመሪያ የሚያስበው ሶዲየም ባይካርቦኔት መጨመር ነው። የድራሙ ውሃ ከፒኤች 2.8 ተነሥቶ በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ 3.8 እና 4.0 የሚወጣው በእሱ ነውና። ከዚያ በላይ ሲገፋ ግን ክሮሙ ወደ ቆዳው ውስጥ ከመዝለቅ ይልቅ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ገጹ ይሻክራል፣ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣል፣ በኋላ ሲቀለምም ወጥ አይሆንም። ደህና የሚሠራን ድራም በተሳሳተ ቁጥር ምክንያት ማበላሸት ይህን ያህል ቅርብ ነው።

ስለ ናሙናው አቀዳድ ጥቂት እንበል። ውሃው ሲቀዳ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ድራሙ ላይ የሚሠሩት አዛውንት ለተማሪዋ፣ «ልጄ፣ ውሃው ገና ሙቅ ነው፤ ጠርሙሱን ሞልተሽ አትክደኚው» አሏት፤ ትክክል ነበሩ። ሲቀዘቅዝ መጠኑ ከመቀነሱ በላይ ስብና ፕሮቲን ይቋጠርበታል፤ ጥርት ብሎ የተቀዳው ደሴ ሲደርስ ደፍርሷል። ስለዚህ በ0.45 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ተጣርቶ ነው ኩቬት በሚባለው የመለኪያ ብርጭቆ ውስጥ የገባው።

የመለኪያው መፍትሔ አዘገጃጀት ነውር አልነበረበትም። 12.49 ግራም ክሮም አሉም በ500 ሚሊ ሊትር ውሃ ሳይሞቅ ተሟሟ፤ ይህ 0.05 ሞላር (በሊትር 0.05 ሞል) ይሰጣል። ከእሱ እየቀጠኑ ከ0.01 እስከ 0.05 ሞላር አምስት መለኪያዎች ተሠሩ። በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩቬት 0.05 ሞላሩ በ575 ናኖ ሜትር 0.67፣ በ408 ደግሞ 0.79 አብዞርባንስ (የተመጠጠው ብርሃን መለኪያ) አነበበ። ከዚህ የሚወጣው የሞላር ኤፕሲሎን፣ ማለትም አንድ ሞላር መፍትሔ በአንድ ሴንቲ ሜትር የሚኖረው አብዞርባንስ፣ 13.4 እና 15.8 ነው፤ ክሮሚየም በስድስት ውሃ ተከቦ ሲገኝ በመጻሕፍት የሚታወቀው ዋጋም ይኸው ነው። አብዞርባንሱን ከክሮሚየሙ መጠን ጋር የሚያያይዘው መስመር ቀጥ ያለ፣ ከዜሮ የሚነሣ ነው። ናሙናው ሲገባ በ575 ላይ 0.62፣ በ408 ላይ 0.86 ወጣ። በመስመሩ ሲሰላ አንዱ 0.0463 ሞላር፣ ሌላው 0.0544 ሞላር አለ፤ በሊትር 2.41 እና 2.83 ግራም ማለት ነው።

እዚህ ላይ መቆም የተቻለው ሁለት የሞገድ ርዝመት ስለተነበበ ብቻ ነው። በአንዱ ብቻ ቢነበብ ኖሮ ስህተቱ ሳይታወቅ ያልፍ ነበር።

መጀመሪያ የተጠረጠረው መሣሪያው ነው። የሆልሚየም ኦክሳይድ ብርጭቆ ገብቶ ሲነበብ ጫፎቹ (ብርሃን በብዛት የሚመጠጥባቸው ሞገዶች) በ361፣ በ536 እና በ637 ናኖ ሜትር አካባቢ፣ በሚጠበቁበት ቦታ ወጡ። ቀጥሎ ድፍርስነት ተጠረጠረ። ድፍርስ ነገር ብርሃን ይበትናል፤ አጭሩን ሞገድ ደግሞ ይበልጥ ይበትናል፤ ስለዚህ በ408 ላይ ያለውን ንባብ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ክሮሚየም በማይመጥጥበት በ800 ናኖ ሜትር ሲታይ ግን የተጣራው ናሙና 0.01 ብቻ ነበር። ብረት ከ450 በታች ይመጥጣልና በታዮሳያኔት ተፈተነ፤ ቀለሙ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም። ስድስት ቫለንሲ ያለው ክሮሚየም ይኖር ይሆን ተብሎ በዳይፌኒልካርባዛይድ ተሞከረ፤ ሐምራዊ ቀለም አልወጣም።

የቀረው ፍንጭ በዓይን የሚታየው ነበር። መለኪያው ሐምራዊ ነው፤ ናሙናው አረንጓዴ። ሁለቱ ኩቬቶች ጎን ለጎን ሆነው በመስኮት ብርሃን ሲታዩ አንድ ዓይነት ነገር የያዙ አይመስሉም። በየ2 ናኖ ሜትሩ ሙሉ ስፔክትረም ሲነሣም የናሙናው ጫፎች ከመለኪያው ጫፎች ላይ አልተቀመጡም። በመለኪያው 575 እና 408 የነበሩት በናሙናው 584 እና 420 ሆነዋል፤ አብዞርባንሳቸው በቅደም ተከተል 0.63 እና 0.90 ነው። ሁለቱም ወደ ረጅሙ ሞገድ ሸሽተዋል። ሐምራዊው መፍትሔ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሰማያዊውን፣ ከመጀመሪያው ጫፍ ማዶ ደግሞ ቀዩን ያሳልፋል፤ ጫፎቹ ሲሸሹ ቀዩ ይበልጥ ይቆረጣል፣ የሚያልፈው ቀዳዳ ወደ አረንጓዴው ይጠጋል።

ማረጋገጫው ከክሮም አሉም ጠርሙሱ ራሱ መጣ። 0.05 ሞላሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ እንዳለ ተቀመጠ፤ ሌላው በውሃ መታጠቢያ 80 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ቆየና ቀዘቀዘ። የሞቀው አረንጓዴ ሆነ፤ ጫፎቹም ልክ እንደ ናሙናው ሸሹ። በማግስቱም አረንጓዴ ነበር። ክሮሚየም አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም፤ መለኪያው ግን ራሱን በራሱ መስመር ሲለካ ከፍ ያለ ቁጥር ሰጠ። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ተወስዶ ባሪየም ክሎራይድ ሲጨመር ያልሞቀው ሰልፌቱን ወዲያው በሙሉ ነጭ አድርጎ አዘቀጠ። የሞቀው ግን በመጀመሪያ የተወሰነውን ብቻ ሰጠ፤ ቀሪው ቀስ እያለ ነው የወረደው። ያ ያልወረደው ሰልፌት በመፍትሔው ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚዋኝ ሳይሆን ሊጋንድ፣ ማለትም ከክሮሚየሙ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ጎረቤት፣ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ ያለው የቦንድ ጉዳይ ነው፤ ጥናቱን ጥናት ያደረገውም ይህ ክፍል ነው። ሦስት ቫለንሲ ያለው ክሮሚየም ሦስት የዲ ኤሌክትሮኖች አሉት። ስድስት ሊጋንዶች ሲከቡት አምስቱ የዲ ኦርቢታሎች (የኤሌክትሮኖቹ መኖሪያዎች) ለሁለት ይከፈላሉ፤ በጉልበት ሦስቱ ዝቅ ይላሉ፣ ሁለቱ ከፍ ይላሉ። ሦስቱ ኤሌክትሮኖች ዝቅ ባሉት ሦስቱ ውስጥ አንድ አንድ ሆነው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው የብርሃን መምጠጫ ጫፍ ከአንዱ ዝቅተኛ ኦርቢታል ወደ ላይኛው የሚደረግ ዝላይ ስለሆነ፣ ጉልበቱ በቀጥታ የክፍተቱ መጠን፣ ዴልታ፣ ነው። 575 ናኖ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር 17,391 ሞገድ ማለት ነው፤ በውሃ የተከበበው ክሮሚየም ዴልታ ይህ ነው። የናሙናው 584 ደግሞ 17,123 ይሰጣል።

ሁለተኛው ጫፍ የኤሌክትሮኖቹን የእርስ በርስ መገፋፋት ጭምር ይይዛል፤ የመገፋፋቱ መለኪያ የራካህ ቢ ይባላል። ለዲ ሦስት፣ ማለትም ሦስት የዲ ኤሌክትሮን ላለው አዮን፣ በኦክታሄድራል (በስድስት ሊጋንድ በተከበበ) መስክ የሚሠራው ቀመር አንድ መስመር ነው፦ የመጀመሪያውን ጫፍ ካሬ በሁለት አባዙ፣ የሁለተኛውን ካሬ ደምሩበት፣ የሁለቱን ብዜት ሦስት እጥፍ ቀንሱ፤ የተገኘውን፣ ከሁለተኛው 15 እጥፍ ላይ የመጀመሪያው 27 እጥፍ ተቀንሶ በሚመጣው ቁጥር አካፍሉ። በመለኪያው 17,391 እና 24,510 ሲገቡ ቢ 718 ይወጣል፤ በናሙናው 17,123 እና 23,810 ሲገቡ 664። ማንም ሳይዘው ብቻውን ያለው የክሮሚየም አዮን ቢ 918 ስለሆነ፣ መለኪያው የነጻውን 78 በመቶ፣ ናሙናው 72 በመቶ ይዟል። ቢ ሲቀንስ የዲ ኤሌክትሮኖች ደመና ወደ ሊጋንዶቹ ተዘርግቷል፣ ቦንዱ ይበልጥ የመጋራት ጠባይ ይዟል ማለት ነው። ናሙናው ግን የብዙ ዓይነት ኮምፕሌክሶች (ክሮሚየም ከነሊጋንዶቹ) ድብልቅ በመሆኑ 664ን የአንድ ሞለኪውል ንብረት አድርጎ መጻፍ አይገባም። አቅጣጫውን ያሳያል፤ ከዚያ በላይ አይናገርም። በጥናቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ይህ ቁጥር በእርግጠኝነት ተጽፎ ስለነበር መታረሙ አስፈላጊ ነበር።

በናሙናው ውስጥ ማን ክሮሚየሙን እንደያዘው ከዱቄቱ ይነበባል። ቤዚሲቲው 33 በመቶ ሲሆን ለአንድ ክሮሚየም አንድ ሃይድሮክሳይድ አለው ማለት ነው። ፒኤቹ ወደ 4 ሲወጣ ሃይድሮክሳይዱ ሁለት ሦስት ክሮሚየሞችን እንደ ድልድይ ያያይዛል። ሰልፌቱም የተወሰነውን ቦታ ይይዛል። ራዩታሮ ፁቺዳ በ1938 ባወጣው የሊጋንዶች ቅደም ተከተል ሐሳብ መሠረት ሰልፌትም ሃይድሮክሳይድም ከውሃ በታች ናቸው፤ ሁለቱም ዴልታን ዝቅ ያደርጋሉ። ዝቅታው ትንሽ የሆነው ከስድስቱ ቦታ የተለወጠው አንድ ሁለቱ ስለሆነ ነው፤ ዴልታ የስድስቱንም አማካይ ይከተላል።

ይበልጥ ጉዳት ያደረሰው ግን የጫፉ መሸሽ ሳይሆን የመምጠጡ መጠን መጨመር ነው። ከዲ ወደ ዲ የሚደረግ ዝላይ፣ ሞለኪውሉ የሲሜትሪ መሃል ካለው፣ በሕጉ የተከለከለ ነው። በስድስት ውሃ የተከበበው ክሮሚየም መሃል ስላለው በአቶሞቹ ንዝረት ተደግፎ ትንሽ ብቻ ይመጥጣል፤ 13 እና 15 የመሳሰሉ ጥቃቅን ቁጥሮች የሚመጡት ከዚህ ነው። ሊጋንዶቹ ሲዘበራረቁ ሲሜትሪው ይፈርሳል፣ ክልከላው ይላላል። በሃይድሮክሳይድ ድልድይ የተያያዙት ሦስት ክሮሚየሞች በ425 ናኖ ሜትር አካባቢ በአንድ ክሮሚየም ወደ 30 የሚጠጋ ኤፕሲሎን አላቸው፤ የውሃው እጥፍ ያህል። የናሙናው እውነተኛ መጠን 0.0346 ሞላር ሆኖ ሲሰላ ኤፕሲሎኑ በ584 ወደ 18፣ በ420 ወደ 26 ይመጣል። በ408 የተነበበው ውጤት 57 በመቶ፣ በ575 የተነበበው 34 በመቶ የበለጠበት ምክንያት ይህ ነው። የሁለቱ ጫፎች ጥምርታ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። በሐምራዊው 1.18 ገደማ ሲሆን በናሙናው 1.43 ነበር፤ ጥምርታው ካልገጠመ መስመሩ ላይ መሥራት አይቻልም።

ከመፍትሔ ሐሳቦቹ አንዱ መለኪያውንም ናሙናውንም በአንድ ዓይነት ሰልፈሪክ አሲድ አቅጥኖ ማሳደር ነበር። ለኒኬል ወይም ለመዳብ ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ ኒኬል የያዘውን ውሃ በሰከንድ 30,000 ጊዜ ገደማ ይቀያይራል፣ ሚዛኑ በዓይን ጥቅሻ ይደርሳል። ክሮሚየም እንዲህ አይደለም። ሦስቱ ኤሌክትሮኖች ዝቅ ብለው መቀመጣቸው የሚያስገኘው መረጋጋት የዴልታ 1.2 እጥፍ፣ ወደ 250 ኪሎ ጁል በሞል ይጠጋል፤ ሊጋንድ ለመለወጥ ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን መክፈል አለበት። በ25 ዲግሪ አንድ ውሃ ከያዘው ቦታ ለመለወጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ 80 ሰዓት ገደማ ነው። በደሴ ቅዝቃዜ ደግሞ ይረዝማል። ማሳደሩ ተሞከረ፤ ጠዋት የናሙናው ጫፎች ከነበሩበት አልተነቃነቁም።

ሌላው ሐሳብ መለኪያውን ከፋብሪካው የክሮም ዱቄት መሥራት ነው። 1 ግራም ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር 1.71 ግራም ክሮሚየም በሊትር ይሰጣል፤ ቀለሙም አረንጓዴ ነው። ከአሉሙ ይሻላል፤ ሆኖም ድራም ውስጥ ሰዓታት ያሳለፈው ክሮም ትኩስ ከተሟሟው ዱቄት ጋር አንድ ዓይነት ሊጋንድ አይኖረውም። ከዙር ወደ ዙር ያለውን ለውጥ ለመከታተል ይበቃል፤ ለሪፖርት ግን አይበቃም።

ያዋጣው ለሁለቱም አንድ ሊጋንድ ማልበስ ወይም ሊጋንዱን ከነጭራሹ ከጨዋታው ማውጣት ነው። ሁለቱም ተሠሩ።

የማውጣቱ መንገድ ክሮሚየሙን ወደ ክሮሜት፣ ማለትም ስድስት ቫለንሲ ወዳለው ክሮሚየም፣ መለወጥ ነው። 2 ሚሊ ሊትር ናሙና፣ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ሚሊ ሊትር 3 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ከዚያ ጥቂት ሚሊ ሊትር ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቀስ እያለ ይጨመራል። መጀመሪያ ወደ ቡናማ ቀይ ይሄዳል፤ ሲፈላ ጥርት ያለ ቢጫ ይሆናል። የአረፋው መውጣት ቆሞ ቢጫው እስኪረጋ መፍላት አለበት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መመሪያ ላይ የተጻፈው የመፍያ ጊዜ አይበቃም፣ ጨምሮ ማፍላት ያስፈልጋል። የቀረ ፐርኦክሳይድ ካለና መፍትሔው በኋላ አሲድ ከሆነ ክሮሜቱን መልሶ ሦስት ቫለንሲ ያደርገዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ተጣርቶ 500 ሚሊ ሊትር ላይ ይሞላል። አልካሊው 0.06 ሞላር ያህል ስለሚቀር ሁሉም ክሮሜት ሆኖ ይቆያል። በ372 ናኖ ሜትር ኤፕሲሎኑ 4,830 ገደማ ነው፤ ይህ ከዲ ወደ ዲ ሳይሆን ከኦክስጅን ወደ ክሮሚየም የሚደረግ የቻርጅ ዝውውር ነው፣ ክልከላ የለበትም። የናሙናው ንባብ 0.67 ነበር፤ ተመልሶ ሲሰላ 0.0347 ሞላር፣ በሊትር 1.80 ግራም። ሐምራዊውና የሞቀው አረንጓዴ አሉምም በዚሁ መንገድ ሲያልፉ እኩል ቁጥር ሰጡ።

የማልበሱ መንገድ ክሮሚየሙን ዙሪያውን በሚጠቀልል ሊጋንድ፣ በኢዲቲኤ፣ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ናሙና፣ 20 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ፣ ፒኤች 4.5 የሆነ የአሴቴት በፈር (ፒኤቹን የሚያጸና መፍትሔ) ተጨምሮ ይፈላል። ኢዲቲኤው ድልድዮቹን እየሰበረ ክሮሚየሙን ሲጠቀልል አረንጓዴው ወደ ደማቅ ሐምራዊ ይለወጣል። ቀዝቅዞ 100 ሚሊ ሊትር ይሞላና በ540 ናኖ ሜትር ይነበባል፤ ኤፕሲሎኑ ወደ 200 ነው። እዚህ የአሉሙ መለኪያ በተመሳሳይ መንገድ ከፈላ ያገለግላል፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ሁሉም የለበሰው አንድ ነው። የሚያበላሸው መቸኮል ነው፤ ለ10 ደቂቃ ደግሞ አፍልቶ ንባቡ ካልጨመረ ብቻ ነው አልቋል የሚባለው። ፒኤቹ ከ6 በላይ ከወጣም ኮምፕሌክሱ ወደ ሰማያዊ መዞር ይጀምራልና በፈሩን መዝለል አይቻልም። በዚህ መንገድ የወጣው ቁጥር ከክሮሜቱ ጋር ገጠመ።

ለሳምንታዊ ሥራ የሚመረጠው የኢዲቲኤው ነው፤ መርዛማውን ስድስት ቫለንሲ ክሮሚየም አይፈጥርም። ክሮሜቱ አልፎ አልፎ ለማረጋገጫ ይቀመጣል። ፋብሪካው 84 በመቶውን ቁጥር ይዞ የባይካርቦኔቱን መጠን ሳይነካ ተወው። ከክሮሜት ምርመራው የተረፈው ፈሳሽ ቧንቧ ውስጥ አይደፋም፦ በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹ ወደ 2 ሲወርድ ቢጫው ብርቱካንማ ይሆናል፣ ብርቱካንማው ጠፍቶ አረንጓዴ እስኪሆን ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ይጨመራል፣ ከዚያ ፒኤቹ ወደ 8.5 ወጥቶ የረጋው ክሮሚየም ሃይድሮክሳይድ ተጣርቶ፣ ደርቆና ስም ተጽፎበት ለብቻ ይቀመጣል።